የኢትዮጵያ ንጉሥ የተባለው ቲርሐቅ ማን ነበር? የማንስ ነው?

 

ባለፈው ስለ ኩሽ መንግሥት በቪዲዮ ካቀረብን በኋላ የወረደብንን ስድብ ቆጥረን አንጨርሰውም። የስድቡ ምክንያት አንዲት አረፍተ ነገር ናት። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ የተጻፈው ቲርሐቅ የመጣበትም የተቀበረበትም ምድር ዛሬ ሱዳን የምንላት አገር ናት አልን። በቃ፣ ያቺ በቂ ሆነች። ታሪክ እንደሸጥን የጻፈ አለ፤ ማን እንደከፈለን የጠየቀም አለ። የሚከፍለን ቢኖር ኖሮማ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ታክሲ ውስጥ ባልተገኘን ነበር።

ከዚያ ሁሉ መዓት መሐል ግን አንዲት ከቤይሩት የምትከታተለን እህት ሳትሳደብ ጥያቄ ጻፈችልን። ሰውየው የማንም ይሁን የማን፣ ለመሆኑ ምን ሠርቶ ነው ስሙ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባው ብላ ነው የጠየቀችን። ደግ ጥያቄ ነው። እኛ ፕሮፌሰሮች አይደለንም፤ ሰው ጭነን አውርደን በመሐል የምናነብ ሾፌሮች ነን። ግን በዚህ ሰውዬ ላይ ብዙ ሌሊት አጥፍተናልና የምናውቀውን እንጻፍላት። የተሳደባችሁም ብታነቡት ደስ ይለናል።

መጀመሪያ የስሙን ነገር ቶሎ እንገላገለው። ዕብራይስጡ ቲርሐቅን የኩሽ ንጉሥ ነው የሚለው። መጽሐፉ ወደ ግሪክ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ኩሽን ኢትዮጵያ አሉት፤ ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበርና። ከግሪኩ ወደ ግዕዝ፣ ኋላም ወደ አማርኛ ገባ። ይህ ማለት ስሙን ሰረቅን ማለት አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በሦስት ጽሑፍ ባስቀረጸው የአክሱም ድንጋይ ላይ ሐበሻት በሚለው ቦታ ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ይላል። ስሙ ያኔም የእኛ ነበር፤ ነገር ግን ኢዛና የነገሠው ቲርሐቅ ከሞተ ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በቲርሐቅ ዘመን በእኛ ደጋ የየሐ ቤተ መቅደስና የዳዓማት መንግሥት ነበሩ። ባዶ ምድር አልነበርንም። ቲርሐቅ ግን የጎረቤት ንጉሥ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ናፓታ ከምትባል ከተማ ነው። አባይ ከካርቱም ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ እንደ እባብ ተጠማዞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ናፓታ እዚያ መታጠፊያ ላይ፣ ከአራተኛው ፏፏቴ ዝቅ ብላ ነበር የተቆረቆረችው። አጠገቧ ጀበል ባርካል የሚባል አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ አለ። ከፍታው መቶ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለሰሜን ወይም ለላስታ ሰው ጉብታ ነው። ሜዳ በረሃ ላይ ብቻውን ሲቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ከጎኑ እንደ ጣት ተነጥሎ የቆመ ረጅም የድንጋይ ዓምድ አለው፤ የጥንት ሰዎች ዘውድ ደፍቶ አንገቱን ያቀና እባብ አድርገው ያዩት ነበር። አሞን የሚሉት አምላካቸው በተራራው ውስጥ ይኖራል ብለው ያምኑ ስለነበር የንግሥና ሥልጣን ከዚያ ተራራ ነው የሚወጣው ብለውም ያምኑ ነበር።

አባቱ ፒዬ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ730 ገደማ ጦሩን ይዞ በአባይ ወርዶ፣ በብዙ ትናንሽ ገዢዎች ተከፋፍላ የነበረችውን ግብፅን አስገበረ። ፒዬ ፈረስ ወዳድ ነበር። አንድ የተሸነፈ ገዢ ከተማ ሲገባ ሴቶቹን ትቶ ወደ ጋጣ ሄደ፤ ፈረሶቹ በከበባው ወቅት ተርበው ሲያያቸው በሰውየው ላይ የተቆጣው ቁጣ በድንጋይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከድሉ በኋላ ግብፅ ሳይቀመጥ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሞትም ኤል ኩሩ በሚባለው ቦታ ፒራሚድ ተሠራለት፤ ፈረሶቹም በአቅራቢያው ተቀበሩ። ቲርሐቅ የዚህ ሰው ልጅ ነው። እናቱ አባር ትባላለች።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ከሰሜን ጥሪ መጣ። ግብፅን ይገዛ የነበረው ዘመዱ ሸቢትኩ ወጣት መኳንንት ከጦር ጋር እንዲመጡለት አዘዘ፤ ቲርሐቅም አብሮ ወረደ። ይህን የምናውቀው ራሱ ኋላ ነግሦ ካስቀረጸው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ብዙ የሚኩራራበት ነገር አለው፤ የነገሥታት ጽሑፍ ሁሉ ይኩራራል። አንድ ቦታ ላይ ግን ኩራቱ ይቆምና ሌላ ነገር ይናገራል። በሃያ ዓመቱ ከእናቱ እንደተለየ፣ ከዚያም እስኪነግሥ ድረስ እንዳላያት ይናገራል።

ስንት ሰው ነው ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ በሃያ ዓመቱ ከእናቱ የተለየ?

ወደዚያ እንመለሳለን። በመንገዱ ላይ ያየውን ሌላ ነገር እናስቀድም። ጦሩ ወደ ሰሜን ሲወርድ ካዋ በምትባል ከተማ አለፉ። እዚያ የአሞን ቤተ መቅደስ ነበረ፤ ጭቃ ጡብ ሆኖ፣ አሸዋ እስከ ጣሪያው ውጦት። ወጣቱ አይቶ አለፈ፤ ምን ያደርጋል ያኔ፣ ወታደር ነው። ግን አልረሳውም።

ስሙ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባው በዚህ የወታደርነት ዘመኑ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 701 ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን ከተሞች አንድ በአንድ እየያዘ ኢየሩሳሌምን አስጨንቋል፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ከግብፅና ከኩሽ የመጣ ጦር በዚያ ዓመት ከአሦር ጋር ተዋጋ፤ መጽሐፈ ነገሥትም ኢሳይያስም ሰናክሬም የቲርሐቅን መምጣት እንደሰማ ይነግሩናል። እዚህ ላይ ምሁራን የሚከራከሩበት ነገር አለ፤ በ701 ቲርሐቅ ገና አልነገሠም፣ የነገሠው በ690 ነው። ለእኛ ይህ ከባድ አይደለም። አፄ ምኒልክ መቅደላ ታስረው ሳለ ብለን እናወራ የለ? ሲታሰሩ አፄ አልነበሩም እኮ። ጸሐፊው ሰውየውን ኋላ ባገኘው ማዕረግ ጠራው፤ ያኔ ጦር መሪ ነበር ማለት ነው። ውጊያውን አሦሮች ድል ነሣን ይላሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሰናክሬምን ጦር የእግዚአብሔር መልአክ መታው ይላል። ኢየሩሳሌም እንዳልተያዘች ግን ሁለቱም አይክዱም።

ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሜምፊስ ላይ ዘውድ ደፋ። ዘውዱ ፊት ላይ ሁለት እባቦች ነበሩት፤ የኩሽ ነገሥታት ምልክት ነው። ያኔ ነው እናቱ የተነሣችው።

እስቲ መንገዱን አስቡት። ከናፓታ ሜምፊስ ለመድረስ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ፏፏቴ ማለፍ አለባት። ፏፏቴ ስንል እንደ ጢስ እሳት ከገደል የሚወረወር ውኃ አይደለም፤ አባይ በድንጋይ መሐል እየተሰባበረ የሚያልፍበት፣ ጀልባ የሚሰብር ቦታ ነው። ከዚያ ኑቢያን ጨርሳ፣ ከአስዋን ጀምራ ግብፅን ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሽማግሌ ባትሆንም ልጅ አይደለችም። ስትደርስ ልጇን በዙፋን ላይ አገኘችው። ድንጋዩ ደስታዋን የሚገልጸው በሚያውቁት ተረት ነው፤ ኢሲስ የምትባለው የግብፅ እናት አምላክ ልጇን ሆረስን በአባቱ ዙፋን ላይ ስታይ እንደተሰማት ተሰማት ይላል።

አንድ የጥንት ንጉሥ ስላሸነፈው ጠላት መጻፉ አይደንቀንም። ሁሉም ይጽፋል። ይህ ሰውዬ ግን ከዘመኑ ታላላቅ ነገሮች መሐል እናቴ መጥታ አየችኝ የሚለውን ለትውልድ በድንጋይ አስጻፈ። ሲመለስም አልረሳትም፤ ጀበል ባርካል ሥር፣ ዓለቱን ፈልፍሎ ባሠራው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እናቱ አባር አብራው ቆማ ተቀርጻለች። የቤይሩቷ እህታችን ለእናቷ ስትል በሰው ቤት ስንት ዓመት እንደሆናት ጽፋልን ነበር። ቁጥሩን እዚህ አንጽፈውም።

በነገሠ በስድስተኛው ዓመት፣ ማለትም በ685 ገደማ፣ አንድ ነገር ሆነ፤ እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር በእውነት የምትገባው። አባይ በጣም ሞላ። ቴብስ ወደብ ላይ የተለካው ልክ 21 ክንድ አልፏል። ሙላቱ አገር የሚያጠፋ ቢመስልም የንጉሡ ጽሑፍ በተቃራኒው ነው የሚናገረው፤ ማሳውን አጠገበ፣ አይጡንና እባቡን ገደለ፣ አንበጣውን አራቀ፣ ጎተራው ከልክ በላይ ሞላ ይላል። ኑቢያም ውስጥ ዝናብ ዘንቦ ተራሮቹ አብረቀረቁ። ቲርሐቅ ይህን ሁሉ የአሞን ስጦታ ነው አለ።

ያ ውኃ ከየት መጣ? እነሱ አያውቁም ነበር። እኛ እናውቃለን። ግብፅ ከሚደርሰው የአባይ ውኃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው የሚወርደው፤ የክረምቱ ሙላት ደግሞ ጭራሽ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ቲርሐቅ በድንጋይ ያስጻፈው የበረከት ዓመት ጎጃምና ወሎ፣ ትግራይና ጎንደር ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። በዚያ ክረምት በእኛ ደጋ ጎርፍ የወሰደበት ገበሬ ይኖር ይሆናል፤ ድንጋይ ስላላስቀረጸ ማን ይወቀው። ንጉሡ የእኛ ነው ብለን ከምንጣላ በዚህ በኩል ብንገባ የማንም ሱዳናዊ ፊት አይጠቁርብንም ነበር።

የዚያ ሀብት ምን ላይ እንደዋለ ደግሞ እንይ። ያቺ በልጅነቱ አይቷት ያለፈው፣ አሸዋ የዋጣት የካዋ ቤተ መቅደስ ትዝ አለችው። ከሜምፊስ ግንበኞችና ቀራጮች ላከ። ጭቃውን አንሥተው በድንጋይ ሠሩት። በሩ ከሊባኖስ ዝግባ ሆነ። ዛፍ ተተከለ፣ የወይን አትክልት ተዘረጋ፤ ወይኑን የሚንከባከቡ ሰዎች ከእስያ በኩል መጡ። የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ዕቃ በዝርዝር ተመዝግቦ ገባ። ከስድስተኛው ዓመት እስከ አሥረኛው ዓመቱ ፈጀ። ዛሬ ካዋ ሄዶ የሚያይ ሰው አሸዋ ነው የሚያገኘው፤ በረሃው ተመልሶ ወስዶታል። ከዚያ የወጣው በቲርሐቅ ፊት የተቀረጸ አነስተኛ ስፊንክስ ግን ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ፊቱ በአንበሳ ጎፈር የተከበበ፣ ከንፈሩ ወፍራም፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ የማንም ሰው ፊት ያልተኮረጀበት ነው። ኦክስፎርድ ያላችሁ ደግሞ አሽሞሊያን ሙዚየም ግቡ፤ ከካዋ የመጣው የድንጋይ ቤተ ጸሎት እንዳለ ቆሞላችኋል።

በካርናክ ሠፈር ያቆማቸው ዓምዶች አሥር ነበሩ። አንዱ እስከ ዛሬ ሙሉውን ቆሟል፤ ሃያ ሜትር ገደማ ነው፣ ሉክሶር የሄደ ቱሪስት ሁሉ ሥሩ ፎቶ ይነሣል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚገርመን ግን ያ የባርካል የድንጋይ ጣት ነው። ጫፉ ላይ፣ ወፍ ብቻ በሚደርስበት ከፍታ፣ ስሙን አስቀርጾ በወርቅ ንጣፍ አልብሶታል። በዘመናችን ገመድ ይዘው የወጡ ተመራማሪዎች ወርቁ የተመታበትን የሚስማር ቀዳዳና መወጣጫው የተተከለበትን ጉድጓድ ዓለቱ ላይ አግኝተዋል። ጧት ፀሐይ ሲመታው ከሩቅ በረሃ የሚመጣ ነጋዴ ምን እንዳየ አስቡት። የዛሬ 2700 ዓመት ያለ ክሬን፣ ያለ ምን!

ለእኛ ለሯጮቹ ወገኖች ደግሞ አንድ አለ። ዳሽሁር በሚባለው በረሃ መንገድ ዳር የተገኘ የቲርሐቅ ድንጋይ ስለ ሩጫ ነው የሚያወራው። ንጉሡ ወታደሮቹ በየቀኑ እንዲሮጡ አዘዘ። አንድ ቀን በሠረገላ ወጥቶ ሊያያቸው መጣ፤ በሜምፊስ ጀርባ ባለው በረሃ፣ በሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ፋዩም ሮጡ። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጉሡ ራሱ ከሠረገላው ወርዶ ከፊሉን አብሯቸው ሮጠ። ንጋት ላይ ፋዩም ደረሱ፣ ተመለሱም። ላሸነፈው ክብር ተሰጠው፤ ከኋላ የደረሱትም ሽልማት አገኙ፤ አብልቶ አጠጥቶ ሰደዳቸው። የሚሮጥ ንጉሥ በታሪክ ብዙ አይገኝም። የእኛዎቹ መሪዎች መኪና ሲወርዱ ሁለት ሰው ነው የሚደግፋቸው። ይህንን ይለፉን።

እንግዲህ ሰውየውን መልአክ አድርገን መጨረስ አንፈልግም። ጥፋት ሠርቷል፤ ጥፋቱም ውድ ዋጋ አስከፍሎታል።

ያ የዝግባ እንጨት ከሊባኖስ ነው የሚመጣው፤ የጢሮስና የሲዶና ወደቦች ደግሞ በአሦር ዓይን ሥር ናቸው። ቲርሐቅ በዚያ ጠረፍ ገባ። ከአሦር ለመውጣት የሚፈልጉ ትናንሽ ነገሥታትን አይዟችሁ ይል ጀመር። ሲዶና ተማምና አመፀች፤ በ677 አስራዶን፣ የሰናክሬም ልጅ፣ ከተማዋን አጠፋት። የጢሮስ ንጉሥም በቲርሐቅ ተማምኖ ከአሦር ፊቱን አዞረ። በእኛ አስተያየት ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አሦር የዘመኑ ልዕለ ኃያል ነው፤ የብረት መሣሪያ አለው፣ ከተማ የሚሰብር ማሽን አለው፣ ሕዝብ ነቅሎ የሚያፈልስ አስተዳደር አለው። በሰው ሜዳ ገብቶ እሳት መጫር ቤትህ ድረስ ያመጣዋል። በሌላ በኩል ግን ዝም ቢል አይመጡበትም ነበር ወይ? እሱንም እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም፤ የአሦር ዓይን ከድሮም ግብፅ ላይ ነበር።

በ674 አሦር መጣ፤ ቲርሐቅ ገጥሞ መለሰው። ልዕለ ኃያሉ ተሸንፎ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ ብዙ አይደለም። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ671 አስራዶን በሲና በረሃ በኩል፣ ውኃ በግመል አስጭኖ ተመልሶ መጣ። አሥራ አምስት ቀን ተዋጉ። አስራዶን ባስጻፈው መሠረት ቲርሐቅን አምስት ጊዜ በቀስት አቁስሎታል፤ ሜምፊስንም በግማሽ ቀን ያዛት። ንጉሡ አመለጠ። ቤተሰቡ ግን አላመለጠም። ንግሥቲቱ፣ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች፣ አልጋ ወራሹ ልጁ ኡሻንሁሩ ተማረኩ። ሐኪሞቹ፣ አንጥረኞቹ፣ ጸሐፊዎቹ ተለቅመው ወደ አሦር ተነዱ። የኩሽ ሰው ግብፅ ውስጥ እንዳይቀር ታዘዘ።

በርሊን የምትኖሩ ወገኖች፣ የከተማችሁ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ከዚንጂርሊ የመጣ ትልቅ የአስራዶን ድንጋይ አለ። አስራዶን እንደ ግንብ ረዝሞ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ሁለት ትናንሽ ሰዎች አሉ፣ ገመድ ከከንፈራቸው አልፎ በንጉሡ እጅ ተይዟል። ተንበርክኮ እጁን የዘረጋው፣ ፊቱ የኩሽ ሰው የሆነው፣ ግንባሩ ላይ እባብ ያለበት ልጅ ኡሻንሁሩ ነው ይላሉ ብዙዎቹ ምሁራን። ከእናቱ በሃያ ዓመቱ ተለይቶ የነበረ ሰው ልጁን በዚህ ሁኔታ አጣው። አባትየው ይህን ምስል አላየውም፤ ወሬውን ግን መስማቱ አይቀርም። ከግብፅ የተጋዙ የቲርሐቅ ሐውልቶች ስብርባሪ ደግሞ ነነዌ፣ የነቢዩ ዮናስ መቃብር ነው የሚባለው ኮረብታ ላይ ተገኝቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያበቃል። ቲርሐቅ አላበቃም። አሦሮች ሹም ሾመው እንደሄዱ ተመልሶ ሜምፊስን ያዘ። በ669 አስራዶን ሊወጋው ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ። ልጁ አሹርባኒፓል በ667 ገደማ በላከው ጦር ቲርሐቅ ሜምፊስን ለቆ ወደ ቴብስ፣ ከዚያም ወደ አገሩ አፈገፈገ። የግብፅ መኳንንት እየተላላኩ እንዲመለስ ሲጠሩት አሦሮች መልእክቱን ያዙትና መኳንንቱን ፈጇቸው። በ664 ሞተ። ዙፋኑን የወረሰው ዘመዱ ታንወታማኒ አንድ ጊዜ ሜምፊስ ድረስ ገፍቶ ነበር፤ አሦር ግን ተመልሶ መጣና ቴብስን በዘበዛት፣ ነቢዩ ናሆም ኖእ አሞን ብሎ የሚጠራትን ማለት ነው። ኩሽ ግብፅን ከዚያ በኋላ አልገዛችም። ራሷ ኩሽ ግን በናፓታ፣ ኋላም በመርዌ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆየች። አሦር ከቲርሐቅ ሞት በኋላ የቆየው ስንት መሰላችሁ? ነነዌ የወደቀችው በ612 ነው፤ አምሳ ሁለት ዓመት ብቻ።

መቃብሩን ከአባቶቹ መቃብር ከኤል ኩሩ ለይቶ ከወንዙ ማዶ ኑሪ ላይ አሠራ። እዚያ የመጀመሪያው ፒራሚድ የእሱ ነው፤ የአንዱ ጎን መሠረት 52 ሜትር ገደማ፣ ከኩሽ ፒራሚዶች ሁሉ ትልቁ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሬይስነር ከ1916 ጀምሮ ሲቆፍረው ሥሩ ከአንድ ሺህ ሰባ በላይ የድንጋይ አገልጋይ ምስሎች ተገኙ፤ በወዲያኛው ዓለም እንዲያገለግሉት የተቀበሩ ናቸው። ብዙዎቹ አሁን ቦስተን ሙዚየም ናቸው። ሬይስነር ጥሩ ቆፋሪ ነበር፤ ያገኘውን ግን አላመነም። ጥቁር ሕዝብ ይህን አይሠራም ብሎ ስላሰበ፣ ነገሥታቱ ከሊቢያ የመጡ ቀላ ያሉ ሰዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ሐውልቶቹን በእጁ ይዞ፣ ፊታቸውን እያየ! ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ይህን ጥለውታል፤ ግን ስንት ዓመት መጽሐፍ ላይ ተቀምጦ ኖረ።

ይህን ስናነብ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገን። ሬይስነር የሱዳንን ሰው ንጉሥ ነጥቆ ለሊቢያ ሰጠ። እኛስ ለማን ነው የምንሰጠው?

ኤርፖርት ሰልፍ ላይ አብሮን የሚቆም አንድ ሱዳናዊ ሾፌር አለ፤ በዕድሜ ይበልጠናል፣ ዓሚ ነው የምንለው። ትውልዱ ከሪማ ነው፣ ባርካል ሥር። ልጅ ሆኖ ኑሪ ድረስ ሄዶ ፒራሚዶቹ ጥላ ሥር ይቀመጥ እንደነበር አጫውቶናል፤ የማን እንደሆኑ ትምህርት ቤት ብዙም እንዳልነገሯቸው፣ የአረቡን ታሪክ ነው የሚያስተምሯቸው የነበረው። የቲርሐቅን ስም ከእኛ ሲሰማ ሳቀ፤ እነሱ ታሃርቃ ነው የሚሉት። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ እንደሚለው ስንነግረው ይቆጣል ብለን ፈርተን ነበር። እሱ ግን የጠየቀን ምን ተብሎ እንደተጻፈ ነው። ክፉ አልተጻፈበትም፣ ለተከበበች ከተማ ጦር ይዞ እንደመጣ ነው የተጻፈው ስንለው ራሱን ነቀነቀና ወደ መኪናው ገባ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ነበር።

ያ ከጦርነቱ በፊት ነው። በ2023 በፈረንጆቹ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ብሔራዊ ሙዚየሙ መሐል ላይ ወደቀ። የኑሪ ወርቅ፣ ከየመቃብሩ የወጣው ጌጥና ትናንሽ ዕቃ ተዘረፈ። ከሙዚየሙ ዕቃዎች መሐል ከባርካል የመጣ የቲርሐቅ የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ነበረ፤ ድሮ የግብፅ ጦር በ593 ወደ ኩሽ ሲዘምት ሳይሰበር አልቀረም የሚባል፣ የአገሩ ሰዎች ስብርባሪውን በክብር ቀብረውት ሬይስነር ያወጣው። ዓሚ ቤተሰቡ ከካርቱም ወጥቶ እስኪደወልለት ድረስ ሳምንታት ሰልፉ ላይ ዝም ብሎ ነበር። ማንም አላናገረውም፤ ቡና ብቻ እናቀብለው ነበር። በ2025 ከተማዋ ነፃ ወጥታ የሙዚየሙ ምስል ሲለቀቅ በስልኩ አመጣልን። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው፣ መስተዋቱ መሬት ላይ ነው። ቲርሐቅ ግን ቆሟል። ዘራፊዎቹ ሊሸከሙት አልቻሉም፤ ከበዳቸው።

ዓሚ ምስሉን በጣቱ አስፍቶ እግሩን፣ ቀበቶውን፣ የተሰበረበትን ቦታ አሳየን። ከዚያ ተራው ደርሶ መንገደኛ ጫነ።